ሼህ እንድሪስ ያልደረሱበት ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት ለአልጋ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። ከእነዚያ ባለመስታወት ፎቆች ባንዱ ገብቼ፣ ደረጃው አድክሞኝ ባንኮኒ ተደግፌ ስተነፍስ፣ ሻጩ ጎረምሳ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ከላይ አውርዶ ፊቴ ዘረጋው። ውሃ ያልነካው አቡጀዲ ሽታ አለው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቅ ነው፤ ትንሽ ዱቄት ዱቄት፣ ትንሽ አዲስ ደብተር ደብተር ይላል። አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ጨርቁን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ማዘር፣ ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ይለኛል ልጁ። እኔ የት ሆኜ ልስማው! እኔ እዚያው ቦታ ላይ፣ ፎቁ ሳይሠራ፣ የቆርቆሮው በረንዳ ስር ቆሜ፣ ሼህ እንድሪስ ክንዳቸውን ዘርግተው ጨርቅ ሲለኩ እያየሁ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በልብስ ነው። ናይለን ቀሚስ ገና መጥቶ ሴቱ ሁሉ ያበደበት፣ ጎረምሳው ሱሪውን ከታች ማጥበብ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሰይቼንቶ ታክሲ አለ፤ ጋሪም ግን አልጠፋም፤ ፈረሱ በአቡጀዲ ተራ ሲያልፍ ባለሱቁ ሁሉ ጨርቁን ከጭቃው ፍንጣቂ ለማዳን ይራወጣል። በስሙኒ ፉል በዳቦ ተበልቶ ሻይ ይጠጣበታል። ሽልንግ የያዘች ልጃገረድ ሻሽ መርጣ፣ ተከራክራ፣ መልስ ተቀብላ ትሄዳለች። ጥጉ ላይ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ቤት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ዘፈን ይለቃል፤ አዛን ሲሰማ ባለቤቱ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ መርፌውን ያነሳል። የራጉኤል ደወል ሲደወል ደግሞ እኛ ሙስሊሞቹ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ማንም ያዘዘው የለም። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲዞር ተራው ሁሉ ያነጥሳል፤ አንዱ «ይማርህ»፣ አንዱ «የርሐሙከላህ» እየተባባለ የሚስቀው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ከጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይረግጣል። ከእሱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ የሼህ እንድሪስ ናት። እሳቸውም የወሎ ሰው ናቸው፤ አቡጀዲና ክር ይሸጣሉ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከጀርባ ባለችው ክፍል ለትልልቅ ሰዎች ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ያስተምራሉ። ነጭ ጥምጣም፣ በሒና የቀላ ጺም፣ ሁልጊዜ የታጠበ ጀለቢያ። ጋብቻ ሲሆን ወደ እሳቸው፣ ውርስ ሲሆን ወደ እሳቸው፣ ሕልም ያየም ወደ እሳቸው ነው። «ባሕር ናቸው» ይሏቸዋል። እውነትም ባሕር ይመስሉ ነበር፤ ጥያቄው አልቆ ሳይዘጋ መልሱ ይመጣል። ሼህ እንድሪስ «ቆይ፣ ልየው» ሲሉ የሰማ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ይሄን የዕውቀት ምልክት አድርገን ነበር የምናየው።

ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ሐጂ ሸምሱና እትዬ ሰዓዳ ናቸው፤ የስልጤ ሰዎች፤ ብርጭቆና ሰሐን በጅምላ ያከፋፍላሉ። ልጃቸው ከማል ይባላል። ከማል ብዙ አያወራም፤ ሲያስቀው ግን ትከሻው ብቻውን ይስቃል። መጋዘን ውስጥ ብርጭቆ እያራገፈ መንዙማ ሲያንጎራጉር በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ እኔም ወጥ እያማሰልኩ፣ እናቴ እንዳትሰማ ከከንፈሬ ሳላወጣ፣ ተቀባይ እሆናለሁ። በአንድ ዒድ አረንጓዴ ሻርፕ በእናቱ እጅ ላከልኝ። ከዚያ ሽማግሌ መጣ። አባቴም እሺ አለ። የሠርግ ቀሚሴን ለሌላ ሰፊ አልሰጥም ብሎ ራሱ መስፋት ጀመረ፤ ደንበኛ እያስጠበቀ።

ለኒካሁ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ ተሰብስበው በርበሬ ሲቀነጥሱ፣ የሐጂ ሸምሱ እህት እኔን እያየች ሳቅ ብላ፣ «ይቺ ዘሃራማ ድሮም ልጃችን ናት፤ የሰዓዳን ጡት ጠብታ የለም እንዴ!» አለች። ክፋት አልነበራትም። ፍቅር መግለጧ ነበር። ነገር ግን የሴቶቹ እጅ ሁሉ በርበሬው ላይ ቀረ። በእኛ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። እናቴ ተነስታ ወጣች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀመጡ፤ እኔና እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ሼህ እንድሪስ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«እውነት ነው ሼህዬ» አለች እናቴ። «አራስ ቤት ሳለሁ ትኩሳት ጥሎኝ፣ አንድ ቀን፣ ልጅቷ ስታለቅስ ጊዜ ሰዓዳ አንስታ አጠባቻት።»

ሼህ እንድሪስን በመጋረጃው ክፍተት አያቸዋለሁ፤ መስበሃቸውን የሚቆጥሩ ይመስላሉ፤ ጣታቸው ግን ከአንዷ ዶቃ አልተነቃነቀም። ሐጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ሼህዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አሉ። ሌሎቹም ተቀብለው፣ «እርስዎ ያውቃሉ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አሉ።

ያኔ ሼህ እንድሪስ ቀና ብለው፣ «ጡት ደም ነው። ወንድሟ ነው። አይሆንም» አሉ።

በዚሁ አለቀ። ማን ይከራከራል? አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያንን ነጭ ቀሚስ ስፌቱን በምላጭ ሲተረትር አየሁት። ጨርቁን እንዳይጎዳ ክሩን አንድ በአንድ ነበር የሚነቅለው። ከማልን ከዚያ በኋላ በቅርብ ያገኘሁት ቦኖ ውሃው ጋ ነው። እንስራዬን እስክሞላ ጠብቆ፣ «ዘሃራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለኝ። «እህቴ በለኝ» አልኩት። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣ አለው፤ ትቶኝ ሄደ። ከዓመት በኋላ ከአባቱ አገር ሚስት አመጡለት። ለሠርጉ እኔም እንደ እህት እልል አልኩ። ማለት ነበረብኝ። የአላህ ፍርድ ነው ብዬ ችዬው ነበር፤ የአላህ ፍርድ ደግሞ እያቃጠለም ቢሆን ይዋጣል።

እኔን የሚጠይቁ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ አይሆንም አልኩ። አባቴም አላስገደደኝም። እያገዝኩት በረንዳው ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጥልፍ እጠልፋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ክር ጨርሰን ሼህ እንድሪስ ሱቅ ገብቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ከበርበሬ በረንዳ ሰዎች መጡ። አህመድና ፋጡማ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ በርበሬ አስፈጭተው ይሸጣሉ፤ ልጆች ወልደዋል። የባልየው አክስት በሆነ ነገር ተጣልታቸው፣ «ፋጡማ የአህመድን እናት ጡት ጠብታለች፤ አብራችሁ መኖራችሁ ሐራም ነው» ብላ ሰፈሩን አነሳስታለች። አብሮ የመጣው ሽማግሌ፣ «ሼህዬ፣ እንግዲህ በዘሃራ እንደተፈረደው ይፈረድ» አለ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ አላየኝም።

ፋጡማ ሕፃን እንዳዘለች እግራቸው ላይ ወደቀች። «ሼህዬ፣ አንዴ ነው ይላሉ፤ እናቴም አታስታውሰውም፤ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?» ትላለች። ሼህ እንድሪስ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ እንደ ወትሮው ሊመጣ ነው ብለን ጠበቅን። አልመጣም። አፋቸውን ከደኑት፤ ፊታቸው እንደ አቡጀዲው ነጣ። ቀና ሲሉ ከእኔ ዓይን ጋር ተገጣጠሙ።

«ጊዜ ስጡኝ» አሉ። «አብራችሁ ሂዱ፤ እስክመለስ ማንም እንዳይለያያችሁ።»

በማግስቱ ሱቃቸው ተዘግቶ አገኘነው። ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ሄደዋል። ዘመድ ታሞባቸው ነው ተባለ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ጠዋት ጥምጣማቸው አቧራ የለበሰ፣ ጉንጫቸው የጎደለ ሰው ሆነው መጡና በቀጥታ አባቴ መኪና አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከጀርባ ቁልፍ እተክላለሁ፤ እንደምሰማ ያውቃሉ።

«የሄድኩት ልማር ነው» አሉ አባቴን። «ወጣት ሳለሁ ኪታቡን ስማር አባቴ ሞተና ትምህርቱን አቋርጬ ተነሳሁ። የጡቱ ምዕራፍ ላይ አልደረስኩም ነበር። ያን ቀን ቤትህ ውስጥ ሲጠይቁኝ የማውቀው ከሰው አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ‹እርስዎ ያውቃሉ› ሲሉኝ፣ አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

አባቴ መኪናውን መርገጥ አቆመ።

«አሁን ከሕፃናት ደረሳዎች፣ ከኪታብ ተማሪዎች፣ መሐል ተቀምጬ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ተማርኩት። በእኛ የትምህርት መንገድ አንድ ጊዜ መጥባት አያዛምድም፤ በተለያየ ጊዜ አምስት ጊዜ መጥባት አለባት። እኔ ስንት ጊዜ ጠባች ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።»

አባቴ ከስፌቱ ቀና ብሎ፣ «ሼህዬ» አለ፣ «ለእነ አህመድ በጓዳ ይንገሯቸው፤ ይኑሩ። የእኛን ይተዉት። ልጁ አግብቷል። የልጄ ቁስል ገና መድረቁ ነው።»

«የፈረድኩት በጓዳ አይደለም» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ገበያው ሁሉ በእኔ ቃል እየፈረደ ነው። በጓዳ ብናገር ነገ ሌላዋን ፋጡማ ያፈናቅሏታል።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ በረንዳው ላይ ቆመው ተናገሩ። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ፈረድኩ አሉ። ስማችንን አልጠሩም፤ ግን ማን ያላወቀ አለ? «በሌላ የትምህርት መንገድ የሚሄዱ ዑለማዎች፣ ሊቃውንቱ፣ አንድ ጊዜም ይበቃል ይላሉ» አሉ ደግሞ። «እነሱ ተምረው፣ አመዛዝነው ነው የሚሉት። እኔ ያንን አውቄ ብናገር ኖሮ ነውር አልነበረም። የእኔ ነውር መሳሳቴ ብቻ አይደለም፤ ሳላውቅ መናገሬ ነው።»

አንድ ሸቀጥ ነጋዴ ከኋላ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የነገሩን ሁሉ ምን ሊሆን ነው ሼህዬ?» ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ ሳቀ።

«መጥተህ አንድ በአንድ ጠይቀኝ» አሉት። «ተምሬ የነገርኩህን ተምሬ ነው እልሃለሁ። ሰምቼ የነገርኩህን ሰምቼ ነው እልሃለሁ።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ከበረንዳው ወርደው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ቁልፍ ከምተክልበት ዱካ ፊት ቆሙ። ያ ትልቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ዘሃራ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። አውፍ በዪኝ» አሉኝ። ይቅር በዪኝ ማለታቸው ነው። ትልቅ ሰው አንገቱን ሲደፋ ምን ይባላል? ተነስቼ፣ ሰው እንዳይሰማን ፈጥኜ፣ «አውፍ ብያለሁ ሼህዬ፣ አውፍ ብያለሁ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከልብሽ መሆኑን ታውቂዋለሽ?»

ዓይኔን ወደ ቁልፎቼ መለስኩ።

«እንግዲያው የማታውቂውን አትናገሪ። እኔን ያጠፋኝ እሱ ነው። ስታውቂው ትነግሪኛለሽ፤ ካላወቅሽውም ግድ የለም።»

እውነት ነበራቸው። ንዴቱ የመጣብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከሐዘኑ የባሰ ንዴት። የአላህ ፍርድ ነው ብዬ የቻልኩት ነገር ለካ የአንድ ሰው ሐፍረት ኖሯል! እርምጃቸውን ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ባይናገሩት ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የፋጡማ ልጆች በበርበሬ በረንዳ ሲሯሯጡ አይና በራሴ አፍራለሁ። አህመድና ፋጡማ አብረው ኖሩ፤ ሌሎች ልጆችም ወለዱ፤ አክስቲቱም ታረቀች። የእኔን ግን ማን ይመልሰው?

ሊመልሱት የሞከሩ ነበሩ። ሐጂ ሸምሱ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ «ሃይማኖታችን ሁለተኛ ይፈቅዳል፤ ልጁም ልቡ ከእሷ አልወጣም» አሉ። አባቴ ውሳኔውን ለእኔ ተወው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ብል እውነት ነው፤ መልሱ ጠፍቶኝ ግን አልነበረም። የከማልን ሚስት አውቃታለሁ። የገጠር ልጅ ናት፤ ከተማው ሲያስፈራት ወደ እኛ እየመጣች በረንዳው ላይ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ያኔ ደግሞ እርጉዝ ናት። «እሷ ምን አጠፋች?» ብዬ መለስኳቸው። ከማል ትንሽ ቆይቶ ለንግድ ብሎ ድሬዳዋ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ሲሄድ ሊሰናበት መጥቶ የአባቴን እጅ ሳመ፤ እኔን «ዘሃራ፣ ደህና ሁኚ» አለኝ። እህቴ አላለኝም። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም።

ሼህ እንድሪስ ከዚያ ዓርብ በኋላ ብዙ ነገር አጡ። ከሚያስተምሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀሩ፤ አቡጀዲ የሚገዛቸውም ሳስ አለ። ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው «አላውቅም» ሲሉት በፌዝ አይቷቸው ወደ ሌላ ይሄዳል። መርካቶ አላውቅም የሚል ሰው አይወድም፤ ሻጭ እንኳን የሌለውን ዕቃ «አለ፣ ቆይ ላምጣልህ» ነው የሚለው። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ድሮው ልማዳቸው አልተመለሱም። የእኔን ኒካህ ጊዜ አስታውሳለሁ። ቆይቼ አንድ ደግ ሰው፣ ቆርቆሮ ነጋዴ፣ አገባሁ፤ ኒካሁን እሳቸው እንዲያስሩ የጠየቀው ባሌ ነው፤ እኔ ዝም አልኩ። የዚያን ቀን ሼህ እንድሪስ ሲጠይቁ ዋሉ። ዝምድና አለ ወይ? ጡት አለ ወይ? ማን አሳደጋት? ማን አዘላት? ሽማግሌዎቹ፣ «ሼህዬ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ» እስኪሉ ድረስ። ሰው ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ቀስ በቀስ ገበያው ተመለሰላቸው፤ ሁሉም አይደለም፤ ነገሩ የከበደበት ሰው። እሳቸው «አዎ» ካሉ አዎ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሌሎችን አልፎ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ይመጣ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ጥያቄው ሳያልቅ ከስልካቸው መልስ ሲያወጡልኝ፣ ጎበዞች ናቸው እላለሁ፤ ግን «የት አነበባችሁት? እውነት መሆኑንስ?» ስላቸው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዲህ የእኔ መጠየቅ ከማን እንደመጣ እነሱ የት ያውቃሉ!

ሼህ እንድሪስ በየዒዱ ቤቴ ይመጡ ነበር። ልጆቼን ይመርቃሉ፣ ትንሽ ይቀምሳሉ፣ ይሄዳሉ። ያንን ነገር አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ሰላም እላቸዋለሁ፤ ምግብ አቀርብላቸዋለሁ፤ ልቤ ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ከተማው ውስጥ ወሬ የበዛበት ጊዜ፣ ታመው ተኙ። አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ያ ግርማ አልቆ አንሶላው ስር ምንም ሰው የሌለ ይመስላል። ሴት ልጃቸው ወጣ ስትል፣ «ዘሃራ» አሉኝ፤ «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ሼህዬ።» ሳይጠይቁኝ የሚጠይቁኝን አወቅኩ። ለሚሞት ሰው መዋሸት ቀላል ነው፤ ደግነትም ይመስላል። «ያንን አውፍ» አልኩ፣ «እስካሁን አላውቀውም። አላታልልዎትም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተቀየሙ መሰለኝ፤ ግን እጃቸው አንሶላው ላይ እጄን ፈልጎ አገኘው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አትቸኩዪ። እኔ ስለቸኮልኩ ነው ያጠፋሁት።»

ከዚያ ብዙም አልቆዩ። ያረፉ ዕለት ገበያው ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ሬሳው ከመነሳቱ በፊት እንደ ወጉ፣ ሟች ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ ያለው ሰው እንዳለ ይጠየቃል፤ ያለው ወይ ይናገራል ወይ ይቅር ይላል። በወንዶቹ በኩል ተጠየቀ፤ «አውፍ፣ አውፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወደ ሴቶቹ መጋረጃ ቀርበው፣ «እናንተስ ዘንድ፣ ሼሁ ላይ ሐቅ ያላት አለች?» አሉ። የሴቶቹ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ወደ ውስጤ ተመለከትኩ። ከልማዴ ያንን ንዴት ፈለግኩት፤ ለዓመታት የምታውቁትን የቤት ዕቃ በጨለማ እንደምትዳስሱ። ያ ቦታ አለ፤ ንዴቱ የለም። መቼ እንደሄደ አላውቅም። መሄዱን ግን፣ እዚያች ደቂቃ ላይ፣ ስሜን እንደማውቀው አወቅኩት።

«አውፍ ብያለሁ በሏቸው» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ መጋረጃው ይበልጥ ተጠጉ። ያን ዓርብ በረንዳው ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። «ከልብሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ከልቤ ነው» አልኳቸው። «አሁን አውቃለሁ።»

ቃሬዛውን አነሱት።